ፉርጎዎቹን የለወጥንበት ክረምት

በእኛ ገጠር ባቡር ማለት ወፍጮ ነው። የእህል ወፍጮ ሞተር መጀመሪያ ወደ ሰፈራችን ሲመጣ ሽማግሌዎቹ ባቡር አሉት፤ ስሙም በዚያው ቀረ። ስለዚህ ከአረብ አገር ተመልሼ ደብረ ታቦር ከገባሁ በኋላ ለእናቴ «ባቡር ላይ ሥራ ጀምሬያለሁ» ብዬ ስነግራት ወፍጮ ቤት የገባሁ መሰላት።

«ዱቄቱ ደረትሽን እንዳይዘው አፍሽን በሻሽ እሰሪ» አለችኝ።

አላረምኳትም። ባቡሩ እህል አይፈጭም፣ ሰው ተቀምጦበት ከዳገት ቁልቁል እየተንደረደረ ይጮህበታል፣ ከዚያ እንደገና ወደ ዳገቱ ይጎተታል ብላት ኖሮ «ለምን ብሎ?» ማለቷ አይቀርም። ደግሞም ደክሞኝ ነበር።

የመጣሁት ከብዙ ዓመት የሰው ቤት ሥራ በኋላ ነው። የትልቅ ቤት ደረጃ ስወለውል ጉልበቴ አልቆ፣ ጠዋት ስነሳ እንደ አሮጊት ግድግዳ ይዤ ነበር የምቆመው። ሐሳቤ አንዲት ጸጥ ያለች ሱቅ ከፍቼ ወንበር ላይ መቀመጥ ነበር። ጓደኛዬ ግን ሌላ ነገር አመጣች። እሷ የሐሙሲት ልጅ ናት። አረብ አገር ሳለን በአንድ ሕንፃ ውስጥ እኔ ታችኛው ቤት፣ እሷ ላይኛው ቤት እንሠራ ነበር፤ የተዋወቅነውም ቆሻሻ ልንጥል ስንወርድ ነው። እኔ መቀመጥ የምፈልግ፣ እሷ መቀመጥ የማትችል ሰዎች ነን። አንድ ቅዳሜ ገበያ ውለን ስንመለስ፣

«የወንድምሽ ባቡር ተዘግቶ ሳማ በቅሎበታል። ለምን አንከራየውም?» አለችኝ።

«ያረጀ እኮ ነው» አልኳት።

«እኛስ?» አለች።

ወንድሜ በእናትም በአባትም ታላቄ ናቸው። እኔ ስወለድ እሳቸው ጠመንጃ ለመያዝ ደርሰው ስለነበር ያደግሁት እንደ አባት እያየኋቸው ነው። አንቱ ነው የምላቸው፤ ስጠራቸው ደግሞ አያ እላለሁ። በደርግ ጊዜ ወታደር ሆነው ከአገር አገር ተንከራተቱ። መንግሥት ሲለወጥ ባዶ እጃቸውን፣ በእግራቸው መጡ። ከዚያ በኋላ አናጺ ሆነው በርና መስኮት፣ የቤትና የቤተ ክርስቲያን ጣራ ሲሠሩ ኖሩ። ወታደር በነበሩበት ጊዜ በአንድ ትልቅ ከተማ መናፈሻ ውስጥ፣ በእንጨት ድልድይ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚሮጥ የመጫወቻ ባቡር አይተው ነበር። ቆመው ያዩት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው፤ ከልባቸው ግን አልወጣም። አንድ የከተማችን ነጋዴ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር መዝናኛ ሊከፍት ቦታ ሲያጥር ሄደው «እንዲህ ያለ ነገር ልሥራልዎ» አሉት። ነጋዴው ሳቀ፤ ከዚያ እሺ አለ።

ያኔ እኔ አገር ውስጥ አልነበርኩም፤ የሰማሁት በስልክ ነው። መስኩ ተዳፋት ስለሆነ ወንድሜ ዳገቱን ተጠቀሙበት። ግንደ ወፍራም ባሕር ዛፍ እየመረጡ ቋሚ አቆሙ፤ በላዩ ወራጅ አጋደሙ፤ በወራጁ ላይ ጠፍጣፋ ብረት መትተው ሀዲድ አደረጉት። ሀዲዱ ከዳገቱ ራስ ቁልቁል ይወርዳል፣ ሁለት ጉብታ ይዘላል፣ ከዚያ እንደ ማጭድ ይጠመዘዝና ከታች ይቆማል። በሀዲዱ ላይ የሚሄዱት ሦስት ፉርጎዎች ከዋንዛ ሳንቃ የተሠሩ ነበሩ፤ ጎማቸው ከአሮጌ የጭነት መኪና የወጣ ኩሽኔታ ነው። ሞተር የለውም። ከላይ የሚለቀቀው በራሱ ክብደት ይሮጣል። ወደ ላይ የሚመልሰው ደግሞ በቅሎ ነው፤ ገመዱ ከዳገቱ ራስ በተሰቀለ፣ ካሩኮላ በሚሉት መዘውር ላይ ይዞርና በቅሎዋ ጋ ይደርሳል። በቅሎዋ ቁልቁል ስትሄድ ፉርጎዎቹ ሽቅብ ይወጣሉ።

ነጋዴው ኋላ ኑሮውን ወደ ባሕር ዳር ሲያዞር መዝናኛው ተዘጋ። እኛ የተከራየነው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሳማውን መነጠርን፣ አጥሩን ጠገንን፣ አንዲት ዳማ በቅሎ ገዛን። ጓደኛዬ ከላይ ሆና ሰው ታስቀምጣለች፣ ቀበቶ ታስራለች፣ ፉርጎዎቹን አግዶ የያዘውን ሽብልቅ ነቅላ ትለቃለች። የእኔ ድርሻ በቅሎዋን ይዤ መውረድና መውጣት ነው። ከደረጃ ሸሽቼ መጥቼ ቀኑን ሙሉ ዳገት ላይ ዋልኩ።

የመጀመሪያው በጋ ሰው አልጠፋም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እየተሳሳቁ ይመጣሉ፤ እሑድ እሑድ ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው ፎቶ ሊነሱ ይመጣሉ፤ ከገጠር ለጉዳይ የመጣ ገበሬ ሳይቀር ዱላውን ለሌላ ሰው አስይዞ ይሳፈራል። ፉርጎዎቹ ግን አልቀዋል። ሲወርዱ የሚያሰሙት ድምፅ እስከ አስፋልቱ ይሰማል፤ የተቀመጠበት ሰው ጥርሱ ይጋጫል። ሳንቃው እየተሰነጠቀ ልብስ ይቀዳል። አንዲት ሙሽራ ቬሏ ተይዞ ከላይ እስከ ታች ሲቀደድ ሚዜዎቿ ሊደበድቡን ደርሰው ነበር። በየማታው ሚስማር እንመታለን፤ በማግስቱ ሚስማሩ ብቅ ብሎ ይጠብቀናል።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን የኋላው ፉርጎ ጎማ ሁለተኛው ጉብታ ላይ ወለቀ። የተቀመጡት ሁለት ተማሪዎች ነበሩ። ፉርጎው ዘንበል ብሎ በፊተኛው ላይ ተንጠልጥሎ ቆመ እንጂ አልወደቀም። ልጅቷ ጉልበቷ ተላጠ። አብሯት የነበረው ልጅ ምንም አልሆነም፤ ግን ካወረድነው በኋላ ሣሩ ላይ ተኝቶ ለረጅም ጊዜ ሰማዩን ያይ ነበር። ጓደኛዬ የልጅቷን ጉልበት አጥባ፣ በባጃጅ አሳፍራ ሸኝታ መጣችና የመግቢያውን በር ዘጋች።

«በቃ። ሰው ሳንገድል እነዚህን ሣጥኖች እንለውጥ» አለች።

ወንድሜ ጋ አብረን ሄድን። የሆነውን አዳምጠው ሲያበቁ፣ «ዋንዛው አልደከመም። የደከመው ሚስማሩ ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ አንቱ የሠሩት ጥሩ ነበር። ግን ዕድሜው አለቀ» አለች ጓደኛዬ። «በብረት ቢሠራስ?»

«ብረት በእንጨት ላይ?» አሉ። ቀጥለውም «እኔው አዲስ እሠራላችኋለሁ። ዋንዛ አለኝ፤ ሲደርቅ የቆየ» አሉን።

እሺ ብለን ተመለስን። ጠበቅናቸው። ዓይናቸው መድከሙን ያኔ ነው በቅጡ ያወቅሁት። ቀድሞ በዓይናቸው ይለኩት የነበረውን በጣታቸው እየዳሰሱ ይለካሉ፤ መስመር ያሰምሩና መስመሩን መልሰው አያገኙትም። እኔ በሄድኩ ቁጥር ያው አንድ የጎን ሳንቃ ግድግዳ ላይ ተደግፎ አገኘዋለሁ። ስለ ዓይናቸው አላነሱም፤ እኔም አላነሳሁም። «እርጥበት አለው፤ ትንሽ ይቆይ» ይላሉ። በበጋ።

ጓደኛዬ መጠበቅ አትችልም። ሰኔ ሳይገባ ባሕር ዳር ሄዳ፣ የቤት በርና የጭነት መኪና ሣጥን የሚሠራ አንድ በያጅ ፈልጋ ሦስት የብረት ፉርጎ አዘዘች። ልኩን የሰጠችው በወረቀትና በስልክ ነው፤ ሰውየው ሀዲዱን አላየውም። ለወንድሜ የመንገሩ ነገር ለእኔ ቀረ። ደጅ ተቀምጠው ለአንድ ገበሬ ሞፈር ሲጠርቡ አገኘኋቸው። ስለ ዝናቡ፣ ስለ እናታችን፣ ስለ ገብሱ ሁሉ ከተጠያየቅን በኋላ፣

«አያ፣ ባሕር ዳር የብረት ፉርጎ አሠርተናል» አልኳቸው።

መጥረቢያቸው ቆመ። «አሠርተናል ነው ወይስ ልናሠራ ነው?»

«አሠርተናል።»

«እንግዲያ ምን ትጠይቂኛለሽ?»

«ልጠይቅዎ አይደለም፤ ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰሙ ብዬ ነው።»

«መልካም» አሉ። ጥረባቸውን ቀጠሉ። ስነሳ፣ ወደ ግድግዳው በአገጫቸው እያመለከቱ «ያን ሳንቃ ይዘሽው ሂጂ፤ ለማገዶ ይሆናችኋል» አሉኝ። አልያዝኩትም። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ መዝናኛው መምጣት ተዉ።

ፉርጎዎቹ የመጡት ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው። ቀይ ቀለም ተቀብተዋል፤ በላስቲክ የተሸፈነ ለስላሳ መቀመጫ አላቸው፤ እያንዳንዱ ከአሮጌዎቹ ረዝሞ ከፊትና ከኋላ ሰው ያስቀምጣል። ከመኪናው ላይ ሲወርዱ ለማየት መንገደኛው ሁሉ አጥሩን ተደግፎ ቆመ። ጓደኛዬ ቀለሙን በእጇ ዳሰሰችው። ለደብረ ታቦር በዓል እናደርሰዋለን ብለን ነበር፤ በዚያ ቀን ከተማው በሰው ስለሚሞላ የዓመቱን ድካም ይክሰናል የሚል ተስፋ ነበረን።

አሮጌዎቹን አውርደን አዲሶቹን ሀዲዱ ላይ አስቀመጥን። ገመዱን አሰርኩና በቅሎዋን ሳብኳት። አልሄደችም። እየለመንኩ፣ እየጎተትኩ፣ በኋላም እየመታሁ ሞከርኩ። ሁለት እርምጃ ሄዳ ገመዱ ሲወጠር ወደ ኋላ ዞራ አየችኝ፤ ከዚያ ጭቃው ላይ ቆመች። ባጃጅ ጠርተን አሰርንበት፤ ጎማው ባለበት እየተሽከረከረ ጭቃውን ረጨን እንጂ ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ አጥር ላይ የነበሩት ሰዎች መጥተው፣ ማጥ የያዘው የጭነት መኪና እንደሚሳብ፣ «ያዝ! ሳብ!» እየተባባሉ አወጡልን።

ሰው ሳናስቀምጥ በፊት አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ በየወንበሩ አስቀመጥን። ጓደኛዬ ሽብልቁን ነቀለች። ፉርጎዎቹ ወረዱ። የቀድሞዎቹ ይንጫጩ ነበር፤ እነዚህ ግን አይንጫጩም፤ ይመታሉ። በያንዳንዱ ቋሚ ላይ ሲያልፉ መሬቱ ከእግሬ ሥር ሲርገበገብ ይሰማኝ ነበር። ሁለቱን ጉብታ አለፉ። መታጠፊያው ላይ ግን ረጅሙ ፉርጎ መታጠፍ አቃተው፤ ጎማው ሀዲዱን ጨብጦ እየፋቀ ሄደና ወጣበት። ወራጁ ተሰነጠቀ፣ አንዱ ቋሚ ዘመመ፣ የፊተኛው ፉርጎ በአፍንጫው ጭቃ ውስጥ ተተከለ። ማዳበሪያው ተቀዶ አሸዋው ሣሩ ላይ ፈሰሰ።

ሰው ሁሉ ወደ ፉርጎው ተጠጋ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ «እንኳን ሰው አልነበረበት» አሉና አማተቡ። ዝናብ ሲጀምር ሰዉ ተበተነ። ጓደኛዬ እርጥቡ ሣር ላይ ተቀመጠች። አብሬያት ተቀመጥኩ። ከዚያ በፊት ስትቀመጥ ያየኋት ምግብ ስትበላ ብቻ ነው።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ በይኝ» አለችኝ።

«አልልሽም» አልኳት። እውነቴን ነው፤ የመናገር አቅም አልነበረኝም።

ወንድሜ ማንም ሳይጠራቸው በማግስቱ እሑድ መጡ። ከቅዳሴ መመለሳቸው ስለነበር ነጠላቸውን እንዳጣፉ ነው፤ ጃንጥላ ይዘዋል። ከታች ጀምረው እስከ ላይ ቋሚዎቹን በእጃቸው እየዳሰሱ ሄዱ። ተመልሰው መጡና «ቋሚው አነሰው። እጥፍ እናድርገው» አሉ። ስለ ፉርጎዎቹ አላነሱም። ጓደኛዬ እጃቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል እጃቸውን ሰበሰቡና ትከሻዋን ዳበስ አደረጓት።

ያ ሥራ ነሐሴን በላው። ባሕር ዛፍ አስቆረጥን፣ በዝናብ ተሸክመን አመጣን፣ ጉድጓድ ስንቆፍር ጉድጓዱ ውኃ ይሞላል። ወንድሜ ይዳስሳሉ፣ እኔ እይዛለሁ፣ ጓደኛዬ ትመታለች። የደብረ ታቦር በዓል መጣና ሄደ። ልጆች በየደጁ ቡሄ ሲጨፍሩ፣ ጅራፍ ሲያጮኹ ይሰማን ነበር፤ እኛ እስከ ጉልበታችን ጭቃ ውስጥ ነበርን።

በዚያው ሰሞን እናቴ ለዓይኗ ሕክምና ከገጠር መጣችና አልፋ ልታየን ብቅ አለች። አንድ የተጋደመ ግንድ ላይ አስቀመጥናት። ዳገቱን፣ እንጨቱን፣ ጭቃ የዋጠውን ቀይ ብረት ሁሉ አየች።

«ለመሆኑ ምኑ ነው የሚፈጨው?» አለችኝ።

«ምንም አይፈጭም፣ እማ።»

«እንግዲያ ይህ ሁሉ ልፋት ለምንድን ነው?»

ወንድሜ ናቸው የመለሱላት፤ «ሰው ይስቅበታል» አሏት።

«እሱንማ ቤቱ ተቀምጦ መሳቅ አይችልም?» አለች። ከዚያም ለበቅሎዋ ሣር ነጭታ ትሰጣት ጀመር።

ቋሚው ሁሉ እጥፍ ከሆነ በኋላ እንደገና ሰው ሰብስበን ፉርጎዎቹን አወጣን፤ እንደገና አሸዋ ጭነን ለቀቅን። እንጨቱ አልተርገበገበም፤ እስከዚያ ድረስ ደህና ነበር። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ግን ጎማው እንደ ፊተኛው ሀዲዱን ነክሶ ወጣ። በዚህኛው ጊዜ ቋሚው አልዘመመም፤ የፉርጎው እግር ነው የተጣመመው። ወንድሜ ድምፁን ሰምተው አወቁ። ጃንጥላቸውን አጥፈው ተደገፉበት።

«እንጨት ጨመርን እንጂ ብረት አልቀነስንም» አሉ። ፊታቸውን ሳይ ስለ ሳንቃው ያዘኑትን ያህል ስለዚህም ያዘኑ መሰለኝ፤ የአንድ ወር ድካማችንን በከንቱ ያፈሰስነው በእሳቸው ምክር ነበርና። ቤት ያደረስኳቸው ክንዳቸውን ይዤ ነው፤ ከዚያ በፊት ክንዳቸውን አስይዘውኝ አያውቁም።

በያጁን ከባሕር ዳር ያስመጣችው ጓደኛዬ ናት። ቁመቱ ረጅም፣ ንግግሩ ዝግ ያለ ሰው ነው። የሠራውን በተተከለበት ጭቃ ውስጥ ሲያየው አፍሮ «መጀመሪያ መጥቼ ማየት ነበረብኝ» አለ። ቀኑን ሙሉ ሀዲዱን ሲመላለስበት ዋለ። ማታ ወንድሜ ቤት ወሰድነው። ጠላ ቀረበለት።

«አባቴ» አላቸው፤ «ፉርጎዎቹን መሐል ለመሐል ብንቆርጣቸውስ? እያንዳንዱ አንድ ወንበር ብቻ ይኑረው። ሲያጥሩ ይታጠፋሉ፤ ሲቀሉ ደግሞ በቅሎዋ ትችላቸዋለች።»

ወንድሜ አሰቡበት። «ከቆረጥካቸው ስድስት ይሆናሉ። ስድስቱ በምን ይያያዛሉ?»

«በብረት ዘንግ።»

«ዘንጉ ድርቅ ካለ ያው ረጅም ሆኑ ማለት አይደል?»

«ታዲያ በምን?»

«ቀንበርና ሞፈር በምን ይያያዛል? ላላ ያለ ነገር ይሁን።»

እንዲህ ሲባባሉ አመሹ። አንዱ ያለውን ሌላው እየጣለ፣ የጣለውን መልሶ እያነሳ፣ በመጨረሻ ወፍራም ቀለበት በቀለበት ውስጥ እንዲገባ ተስማሙ። ጓደኛዬ በዚያ ሁሉ ጊዜ ደጅ ቆማ ስልክ ታወራ ነበር። ከማን ጋር እንደምታወራ አልጠየቅኋትም።

መቁረጡም ቀላል አልነበረም። መብራት ይሄዳል፤ ሲመጣ ዝናብ ይመጣል። ሰውየው ላስቲክ ወጥሮ ከሥሩ ይቆርጣል፣ ይበይዳል፤ መብራት ሲጠፋ እንደገና እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። እኔ ምሳ አመላልሳለሁ። ጠዋት ስነሳ ግድግዳውን መያዝ እንደገና ጀምሬ ነበር። እውነቱን ለመናገር በዚያ ጊዜ ባቡሩ ይሂድ አይሂድ ግድ አልነበረኝም፤ የምፈልገው እንዲያልቅ ብቻ ነው።

አለቀ። ከመስቀል በኋላ ነው ያለቀው። በቅሎዋ ጆሮዋን ወደ ኋላ አድርጋ፣ ቅር እያላት፣ ሳበችው። ስድስቱ ትንንሽ ፉርጎዎች እንደ መቁጠሪያ ተከታትለው ወረዱ፤ ሁለቱን ጉብታ አለፉ፤ መታጠፊያው ላይ አንድ በአንድ ተጠማዝዘው ዞሩ፤ ከታች ቆሙ። ከጫንበት አሸዋ ቅንጣት አልፈሰሰም። በያጁ አጨበጨበ። ወንድሜ «ቆመ?» ብለው ጠየቁ፤ መቆሙን ስነግራቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ስንከፍት ሰው መጣ፤ ግን እንደ ጠበቅነው አልሆነም። የቀድሞ ደንበኞቻችን ወርደው «ቀዘቀዘ» ይሉን ነበር። አንድ ወጣት «ድሮ ነፍስ ይወጣ ነበር፤ አሁን እኮ እንደ ጋሪ ነው» አለኝ። ልብስ የሚቀድ ሚስማር የለም፤ ጥርስ አይጋጭም፤ ጎማ አይወልቅም። ለካ የሚወዱት እሱን ኖሯል። ልጅ የያዙ እናቶች ግን ወደዱት። በኋላ በኋላ የሚመጡት እነሱ ብቻ ሆኑ፤ እነሱ ደግሞ የሚመጡት በበዓልና በእሑድ ነው።

አሮጌዎቹን የዋንዛ ፉርጎዎች ሰው እየጠየቀ ወሰዳቸው። አንዱን ጎረቤታችን ለከብት ግርግም አደረገው፤ አንዱን ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት መንገድ ዳር ገልብጣ መደብ ሠራችበት። ሦስተኛውን ዝናብ መታው።

ጓደኛዬ ጥር ላይ ተመልሳ ወደ አረብ አገር ሄደች። ወደ ባሕር ዳር በሚሄደው ሚኒባስ ልሸኛት መናኸሪያ ሄድኩ። ሻንጣዋ ከመጣችበት ሻንጣ ያንስ ነበር።

«ተቆጥተሽኛል?» አለችኝ።

«ለመቆጣትም እኮ ጉልበት ያስፈልጋል» አልኳት።

ሳቀች። «እዚያም መድከም ነው፤ አውቀዋለሁ» አለች። «ግን እዚያ ስደክም የሰው ነው። ይሄኛው የራሴ ሆኖ ሲያደክመኝ አልቻልኩም።» ሹፌሩ ሞላ ብሎ ጮኸ። በመስኮት እጇን አውጥታ «ኩሽኔታውን ግራሶ መቀባት እንዳትረሺ» አለችኝ። መኪናው ሐሙሲትን አልፎ እንደሚሄድ አስቤ፣ እናቷን ወርዳ ትሰናበት ይሆን አትሰናበት ይሆን እያልኩ ተመለስኩ። ኋላ ስጠይቃት በመስኮት እያየች ማለፏን ነገረችኝ።

ከዚያ በኋላ ክፉ ጊዜ መጣ። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ እንደገና ይዘጋል። ሰው ከቤቱ አይወጣም፤ የሚስቅ ሰው ለማግኘት ደግሞ መጀመሪያ ከቤቱ የሚወጣ ሰው ያስፈልጋል። ፉርጎዎቹን በላስቲክ ሸፍኜ በር ዘጋሁ። እርሻ ያላቸው ወገኖቼ ጤፍ ላኩልኝ። በቅሎዋን ውኃ በማመላለስ አኖርኳት፤ ወይም እሷ አኖረችኝ ማለት ይቀላል። ደህና ሲሆን እከፍታለሁ፤ ሲከፋ እዘጋለሁ። አሁንም እንዲሁ ነው። አንዲት የጎረቤት ልጅ፣ እሷም ከአረብ አገር የተመለሰች፣ ከላይ ሆና ቀበቶ ታስርልኛለች።

ወንድሜ አሁን ፈጽሞ አያዩም። ሥራ ካቆሙ ወዲህ ቤት መዋል ስለሚከብዳቸው አልፎ አልፎ ይዣቸው እመጣለሁ። ከሀዲዱ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ይውላሉ። ባለፈው ዓመት፣ አንድ የሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ማንም ባልመጣበት፣ ድንገት «እኔኮ ወጥቼበት አላውቅም» አሉኝ።

«በየቱ?»

«በዚህ። ስሠራው በእግሬ ሄጄበታለሁ እንጂ ተቀምጬበት አላውቅም። ያን ጊዜ መናፈሻው ውስጥም ለወታደር አልተፈቀደም።»

«ይፈልጋሉ?»

«አንቺ ካልደከመሽ።»

ደክሞኝ ነበር። ግን ክንዳቸውን ይዤ ዳገቱን ወጣን፤ መሐል ላይ ሁለት ጊዜ አረፍን። ልጅቷ ሁለታችንንም በአንድ ወንበር አስቀምጣ ቀበቶውን አሰረችልን። ወንድሜ ነጠላቸውን ከአንገታቸው ጠመጠሙ፤ በሁለት እጃቸው ከፊት ያለውን ብረት ያዙ። ሽብልቁ ተነቀለ። እኔም ብሆን አሸዋ ስጭን፣ በቅሎ ስጎትት እንጂ ተቀምጬበት አላውቅም ነበር፤ ያን ያህል እንደሚፈጥን አላወቅሁም። በመጀመሪያው ጉብታ ላይ የወንድሜ ትከሻ ከትከሻዬ ጋር ተጣበቀ። በሁለተኛው ላይ አንድ ነገር አሉ፤ ነፋሱ ወሰደው። መታጠፊያው ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ስገልጥ ታች ደርሰናል።

«እንዴት ነው፣ አያ?» አልኳቸው።

«ጆሮዬን በረደኝ» አሉ።

ቀበቶውን ፈታሁላቸው፤ እሳቸው ግን አልተነሱም። «ትንሽ እንቀመጥ» አሉ። የሚጠብቅ ተሳፋሪ ስላልነበረ ተቀመጥን። ልጅቷ ከላይ ሆና ልሳበው ወይ ብላ ጮኸች። በእጄ ቆዪ አልኳት።